የአንተነህ መልክ

ባለፈው ቅዳሜ ቆሰበር ገበያ ዳር፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የአቼቶ ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ። ባለሱቁ አመድ ሊነሰንስበት ሲሮጥ፣ ሰዉም ነጠላውን አፍንጫው ላይ እየጫነ ሲያልፍ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። «እማማ፣ ስባሪው እንዳይቆርጥዎት» አለኝ አንድ መንገደኛ። ያ ሽታ ለሌላው የሰላጣ ሽታ ነው፤ ለእኔ የባሌ የደምሴ ሽታ ነው። ደምሴ ዳንግላ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበር። እጁ፣ ሸሚዙ፣ ትራሱ ሳይቀር ፎቶ የሚታጠብበትን መድኃኒት ይሸት ነበር። እሱ ካረፈ ቆይቷል፤ እኔም ልጄን ተከትዬ እንጅባራ ከገባሁ ብዙ ክረምት አልፏል። ከተማዋን ግን ዛሬም ቆሰበር ነው የምላት፤ በልጅነቴ ያወቅኋት በዚያ ስም ነው። ሽታው የወሰደኝ ወደ ደምሴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የአበልጄ ልጅ የአንተነህ ሙት ዓመት በዚያው ሰሞን ነበርና ሐሳቤ ከአንዱ ሙት ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ሽንኩርቴን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

ፎቶ ቤታችን ከዳንግላ መናኸሪያ አለፍ ብሎ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሻይ ቤት መሀል የተጠጋች ጠባብ ቤት ነበረች። በሩ አጠገብ በመስታወት ውስጥ የሰው ፎቶ ተደርድሮ ይታያል፤ የከተማዋ ቆንጆ ማን እንደሆነች የሚታወቀው በዚያ መስታወት ነበር። ፎቶዋ የወረደባት ልጅ አኩርፋ ሰላምታ ትነሳን ነበር። ውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍን የተሳለ ሸራ አለ፤ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ ነጫጭ ወፎች፣ ከኋላ ደግሞ ማንም የማያውቀው አገር ተራራ። ሚስማር ላይ ጥቁር ኮትና ክራባት ተሰቅሏል፤ የሌለው ይለብሰዋል። ያ ኮት የስንቱን ሙሽራ ትከሻ አሙቋል! የወንዱ ሱሪ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋበት፣ ጸጉር እንደ ጎፈር የሚቆምበት፣ ሴቶቹ ጉልበት ላይ የሚቀር ቀሚሳቸውን ለእናታቸው እንዳይታይ በነጠላ ሸፍነው መጥተው እኛ ዘንድ የሚገልጡበት ዘመን ነበር። ያኔ ለአራት ጉርድ ፎቶ የምናስከፍለው ዛሬ አንድ ሻይ አይገዛም። አንድ ጊዜ ከአዘና በኩል የመጣ ገበሬ ፈረሴን ይዤ ካልተነሳሁ ብሎ ድርቅ አለ። አማርኛውን ከአዊኛ እያቀላቀለ «ያለ ፈረሴ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ደምሴ እየሳቀ ካሜራውን ወደ ደጅ ሊያወጣ ሲል ሰውዬው እምቢ አለ፤ የሚፈልገው ሐይቁ ያለበትን ሸራ ነው። ፈረሱ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። ገብቶም ወደ ተሳለው ሐይቅ አንገቱን ሰደደ። «አያችሁ፣ ውሃ መሰለው!» አለ ገበሬው፤ ደምሴ ያነሳው በዚያች ሳቁ ነው። ያ ፎቶ ሲወጣ የፈረሱ ጋማ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ጨለማ ክፍሉ ከጓሮ በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ብርሃን እንዳይገባ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ የተወተፈ ጎጆ ነበር። ደምሴ ካገባኝ በዓመቱ እዚያ አስገብቶ ሥራውን አሳየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንሳቱ የእሱ፣ ማጠቡ የእኔ ሆነ። ቀይ አምፖል ይበራል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። ሳህኑን በስሱ ሳወዛውዘው መጀመሪያ ጸጉር፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን እያለ ሰው ከጠዋት ጉም እንደሚወጣ ቀስ ብሎ ይመጣል። ስንት ዓመት ሠርቼ አንድም ቀን አልሰለቸኝም። ከዚያ አቼቶ የሚሸተው ውሃ፣ ከዚያ ሃይፖ የምንለው መልኩን አስሮ የሚያስቀረው መድኃኒት፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ውሃ። ከጎረቤት ሻይ ቤት የቴፕ ዘፈን በቀርከሃው ግድግዳ እየሾለከ ይገባል፤ በዘፈኑ ልክ ሳህኑን አወዛውዛለሁ። የደምሴ ትእዛዝ አንድ ነበረች፦ «ውሃ አትቆጥቢበት። በደንብ ካልታጠበ ሰውዬው ራሱ ሳይሞት መልኩ ይሞታል።»

በኋላ ልጆች በጭነት መኪና ተጭነው የሚሄዱበት ጊዜ መጣ። ዘመኑን መናገር አልፈልግም፤ የነበረ ያውቀዋል። እናት ልጇን በክንዱ ይዛ ትገባና «ቶሎ አንሳልኝ፣ ነገ ይሄዳል» ትላለች። ልጁ ያንን ጥቁር ኮት ይለብሳል፤ እጅጌው ይረዝምበታል። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ከእነዚያ እናቶች አንዳንዶቹ ጥቁር ለብሰው ተመለሱ፤ ጉርድ ፎቶዋን ከመቀነታቸው ፈትተው «አጉላልኝ» ይላሉ። ደምሴ ነጋቲቩን ፈልጎ ያወጣል፤ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ በትልቅ ወረቀት አሳድገዋለሁ። የሚገርመኝ፣ ሲጎላ መልኩ እየበዛ መምጣቱ ነበር። በትንሿ ፎቶ ላይ ያልታየው ሁሉ ይወጣል፤ ጢም ያላበቀለ ከንፈር ላይ ያለች ላብ፣ ጆሮ ሥር ያለች ጠባሳ፣ ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት። እናቲቱ ፎቶውን ስትቀበል «ይቺን ጠባሳ አወቅኋት፤ ከዛፍ የወደቀ ጊዜ ነች» ትልና ደረቷን ትመታለች። እኔ ያኔ ጨካኝ ሥራ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ምን ያህል ምሕረት እንደነበረው ገብቶኛል።

የሻይ ቤቱ ባለቤት የሻረግ ትባላለች። ከእኔ ታንሳለች፤ «እትዬ» እያለች ጠርታኝ አርጅተናል። ባሏ ቀድሞ ሞተባትና አንድ ልጇን አንተነህን በሻይና በዳቦ አሳደገችው። ደምሴ ክርስትና አነሳው፤ እኛም ከጎረቤትነት ወደ አበልጅነት ተሻገርን። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ለጥምቀት አዲስ ልብስ ተገዝቶለት ለፎቶ አመጣችው። በዚያን ጊዜ ከለር ፎቶ ገብቶ ደንበኞቻችን መሸሽ ጀምረው ነበር፤ ደምሴ ግን የቀረችውን ጥሩ ወረቀት ለሚወደው ሰው እያስቀመጠ በጥቁርና ነጭ ይሠራል። አንተነህ መብራቱን ፈርቶ አለቀሰ። አባብለን በቀርከሃ በርጩማ ላይ አቆምነው፤ ዝም ሲል ደምሴ አነሳው። ያን ፎቶ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጉንጩ ላይ የደረቀው የእንባ መስመር ይታያል። አንዱ የጫማው ክር ተፈትቷል። ዓይኑ ብሌን ውስጥ ደግሞ አጥብቆ ላየ ሰው የፎቶ ቤታችን መስኮት አለች። ደምሴ ካነሳቸው ሁሉ እንደዚያ የወጣለት የለም። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ዘጋን፤ ወረቀቱም መድኃኒቱም ከገበያ ጠፋ።

አንተነህ አደገ፤ ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋረጠ፤ መጀመሪያ ባጃጅ፣ በኋላ ከዳንግላ እንጅባራ የሚመላለስ ሚኒባስ ነጂ ሆነ። ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሳቂታ ሰው ወጣው። በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ጎራ ሳይል አያልፍም። እንደ ክርስትና አባቱ ፎቶ ይወዳል፤ ግን በስልክ ነው። ተራራውን ያነሳል፣ ተሳፋሪውን ያነሳል፣ መንገዱ ላይ ባለችው አዲስ ቅዳም ከተማ የተከመረውን ከሰል ያነሳል፣ እናቱን ባቄላ ስትፈለፍል ያነሳል። ስልኩን እየዳበሰ ሲያሳየኝ ፎቶው እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። አዎ፣ ያምራል። ቀለሙ ያበራል፣ ዓይን ይስባል። ግን አንዱን አይቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል።

«አንዱን እንኳ አሳትመህ ለእናትህ ስጣት» አልኩት አንድ ቀን።

«እማማ፣ ወረቀት እኮ ይቀደዳል፣ ይቃጠላል። ይሄ የትም አይሄድም።» ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ መታ መታ አደረገው።

«አንተስ የታለህ? ሁሉን ታነሳለህ፣ ራስህን አላየሁም።»

«ሞልቻለሁ። ጊዜ ሳገኝ አሳይዎታለሁ» ብሎኝ ሳቀ።

ባለፈው ዓመት፣ መንገድ በተዘጋበትና ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት፣ አንተነህ ሆዱን አመመው። መጀመሪያ ምግብ ነው አለ። በማግስቱ መቆም አቃተው። ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለ። ጓደኞቹ በራሱ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ወደ ባሕር ዳር ሊያወጡት ሞከሩ። መኪና ሁሉ ተሰልፎ መንገዱ እስኪከፈት የሚጠብቅበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። የሻረግ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛው ነበር። መንገዱ ሲከፈት መኪናውን ያዞሩት ወደ ኋላ፣ ወደ ዳንግላ ነው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ በእግሩ ከመጣ ሰው ነው፤ ስልክ አይሠራምና። እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ስደርስ ግን ገና አልተገነዘም ነበር።

ሙሉቀን የሚባል ስልክ ጠጋኝ የአንተነህ የቅርብ ጓደኛ ነው። ወደ ጓዳ ጠርቶኝ በሹክሹክታ አነጋገረኝ። ዓይኑ አብጧል።

«እማማ፣ ለለቅሶው ፎቶ ያስፈልጋል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ማኅተም አርፎባት ግማሽ ፊቱ ጠፍቷል። ፎቶው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ደግሞ የሚከፈተው በአውራ ጣቱ ነው።»

«ቁጥር የለውም?»

«አለው። ማንም አያውቀውም። ሳይቀበር እንሞክር ብዬ ነበር… እናቱን እርስዎ ይጠይቁልኝ» አለ።

ሄጄ ጠየቅኋት። እንዴት እንደጠየቅኋት እግዚአብሔር ያውቃል። የሻረግ ብዙ አየችኝና «እጁን አታሳምሙት» አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው።

ሙሉቀን ተንበርክኮ የጓደኛውን አውራ ጣት በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ ስልኩን አበራው። መስታወቱ ላይ የሻረግ ብቅ አለች፤ ባቄላዋን ይዛ የምትስቅበት ፎቶ ነው፤ ስልኩ ገና ሳይከፈት የሚታየው እሱ ነው። ጣቱን አስነካው። ስልኩ እንደ መንቀጥቀጥ አለና እምቢ አለ። ጣቱን በሁለት እጁ ይዞ በትንፋሹ አሞቀው፤ ደግሞ አስነካው። እምቢ አለ። «የሞተ ጣት አያውቅም» አለ ሙሉቀን ለማንም ሳይሆን፤ ግንባሩን የአንተነህ ደረት ላይ ጣለ። የሻረግ ከራስጌ ቆማ ታይ ነበር። «ልጄን አላወቀውም?» አለች። አንተነህ ተገነዘ፤ ከቀትር በኋላ ተቀበረ።

አንድ ፎቶ ግን ተገኘ። አንተነህ ሚዜ በሆነበት ሠርግ ላይ አንዱ አንስቶት ለሌላው የላከው፣ ያም ለሌላው የላከው፣ ብዙ ሰው የተሰለፈበት ፎቶ ነው። አንተነህ ከዳር ቆሞ ይስቃል። ስልኩ ላይ ሳየው አውራ ጣት በምታህለዋ ፊቱ እንኳ ራሱ ነው፤ ልቤ ደስ አለው። ሙሉቀን ያቺን ፊት ቆርጦ ባነር የሚያትሙበት ቤት ወሰዳት። በሠልስቱ ቁመቱ ሰው የሚያህል ፎቶ ይዘው መጡና ድንኳኑ ውስጥ አቆሙት። የሠራሁበትን ዘመን አስታውሼ ሲጎላ መልኩ ይበዛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የበዛ ነገር የለም። ዓይኑ ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥቁር ካሬ ተደርድሯል፤ ጥርሱ ነጭ ጭረት ሆኗል፤ አፍንጫው ከጉንጩ ጋር ቀልጦ አንድ ሆኗል። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል፤ ሲቀርቡት ማንም የለም። የሻረግ ተነስታ እስከ ባነሩ ሄደች፤ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ወደ እኛም ዞራ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ጥርሱ አይታይ ዓይኑ፣ ደብዝዞብኝ መልኩ፣
የኔን ልጅ አምጡልኝ፣ የሰው ልጅ አትላኩ።

ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ሙሉቀን ባነሩን ጠቅልሎ ይዞት ወጣ፤ የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ያን ጊዜ የሻረግ ወደ ቤቷ ገብታ ደምሴ ያነሳውን፣ የአምስት ዓመቱን አንተነህ ከግድግዳ አውርዳ መጣች፤ ባነሩ በነበረበት ቦታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ያ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እስከ ድንኳኑ ጫፍ ድረስ አበራ። እንባው፣ የጫማው ክር፣ ሁሉም አለ። ከገጠር ዘግይተው የደረሱ ዘመዶች ያንን እያዩ ነበር የሚገቡት። አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀምጣ በአዊኛ ጓደኛዋን ጠየቀች፤ ጥቂት ጥቂት እሰማለሁና ገባኝ። ሕፃን ነው እንዴ የሞተው፣ ነበር ያለችው። ሌላዋ አይደለም አለቻት። ሁለቱም ወደ ፎቶው እያዩ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ የተለቀሰው ሁሉ ለዚያ ሕፃን ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሰሞኑን ለሙት ዓመቱ ዳንግላ ሄድኩ። ቄሶቹ ጸሎት አድርሰው፣ እንግዳው በልቶ ሲበተን እኔና የሻረግ ሻይ ቤቷ በር ላይ ተቀመጥን። ፎቶ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። የአንተነህ ስልክ ጭኗ ላይ ነው፤ ቻርጅ እያደረገች ይዛዋለች። ሙሉቀን ሁሉን ካላጠፉት እንደማይከፈት ነግሯታል፤ ሁሉን ማጥፋት ማለት ደግሞ ፎቶውንም ማጥፋት ነው። ቁልፉን ስትጫነው የምታየው ያንኑ ባቄላ ይዛ የምትስቀውን ራሷን ነው። «እሱን ስፈልግ እኔው እመጣለሁ» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪኝ።»

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?»

«ትልቁ ልጄ እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣው ትንሹ ነው። ድምፁ ግን የትልቁ ነው፤ ያ ጎርናና ድምፅ ከዚያ ሕፃን አፍ ይወጣል። ያስፈራኛል።»

«ለምን አታወርጂውም ታዲያ ፎቶውን?»

«አውርጄው ነበር። ግድግዳው ባዶ ሲሆን ማንም የሚመጣ ጠፋ። መልሼ ሰቀልኩት።»

ያንን ፎቶ አቼቶ በሚሸት ክፍል ውስጥ፣ ውሃ ሳልቆጥብ፣ እንዳይጠፋ አድርጌ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልጠፋም። ባጃጅ ነጂውን፣ ሚኒባስ ነጂውን፣ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው ሁሉ ውጦ፣ እሱ ብቻ ተርፎ ግድግዳ ላይ ቆሟል።

የሻረግ እጄን ያዘችኝ። «አንቺ ዓይንሽ ፎቶ ለምዷል። መልኩን ንገሪኝ። ከትልቁ ጀምሪልኝ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። «ረጅም ነበር» አልኩ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ፊቱን ንገሪኝ።»

«ፊቱ… ግንባሩ ሰፋ ያለ ነው። ቅንድቡ ስስ ነው። ዓይኑ ትልልቅ፣ ብሌኑ ውስጥ ብርሃን ያለበት…» አልኩና ያ ብርሃን የፎቶ ቤታችን መስኮት መሆኑ ትዝ አለኝ። አልፌ ወደ ጉንጩ ሄድኩ። «ጉንጩ ላይ አንድ መስመር አለች…» አልኩ፤ የደረቀው እንባ መስመር ነበረች።

የሻረግ እጄን ለቀቀችው። «እሱማ ግድግዳው ላይ አለ» አለችኝ።